የሎርዱ ወራሽ

ሎርድ ሃርግሬቭ ወንድ ልጅ ሳይወልዱ ሸመገሉ። በእንግሊዝ ወግ የቤተሰባቸው ማዕረግ ለሴት አይተላለፍምና፣ አብሯቸው ሊቀበር መሆኑን ሲያስቡት እህል አልወርድ ይላቸው ነበር።

«አባባ፣ እኔስ? ርስቱን የማስተዳድረው እኔ አይደለሁም?» አለቻቸው አንዲት ልጃቸው ኤዲት።

«ሴት ሎርድ የት አየሽ? ወይ ፈጣሪዬ፣ ምን በደልኩህ!»

ተማርረው ጠበቃቸውን ከዘራቸው ወንድ እንዲፈልግ ላኩት። ጠበቃው በዓመቱ ተመለሰ።

«አገኘህ?»

«አገኘሁ ጌታዬ። ካናዳ ዓሣ አጥማጅ ነው። ባሕር በላው የተባለው የአያትዎ ወንድም ለካ እዚያ ወልዶ ኖሯል። የልጅ ልጁ ነው።»

«ተመስገን! እንግዲህ ስሞት ሎርድ ይሆናላ!»

ጠበቃው አቀረቀረ።

«ሲሞቱ አይደለም። ወንድምየው የአያትዎ ታላቅ ነበር። ማዕረጉ ድሮም የእነሱ ነው፣ ሚስተር ሃርግሬቭ።»