ቢጫው ሹራብ

ሹራብ ሠሪዋ ከምላሷ ሥር የበቀለው ካንሰር በቀዶ ሕክምና ከወጣላት ሦስት ሳምንት ሆኗታል። አሁን ደግሞ የተረፈ ካለ እንዲያጠፋው ተብሎ፣ ከአገጯ ሥር በገቡ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ጨረር የሚሰጥ ሽቦ ተደርጎላታል። አምስት ቀን ብቻዋን ትተኛለች። ጠያቂ ጨረር ከማያሳልፈው ከባድ መከለያ ጀርባ ቆሞ አሥር ደቂቃ ያያታል፤ ነፍሰ ጡርና ልጅ ግን በሩንም አያልፉም።

«ማልቀስ የለም፣ መናደድ የለም፤» አለቻት ነርሷ። «ቱቦዎቹ ከተነቃነቁ ልፋትሽ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

ሹራብ ሠሪዋ መናገር ስለማትችል በዓይኗ እሺ አለች።

የአምስት ዓመት ልጅ አለቻት፤ አንድ ለእናቷ። ሆስፒታል ስትገባ ልጅቷ ክፉኛ ታስል ነበር። ባልየው መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ይመጣ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ግን ሦስት ቀን ድምጹን አጠፋ። ሲመለስ ጢሙን ለቆታል። ለማን ሊያምር ነው ብላ አሰበች ሚስት።

በመጀመሪያው ቀን ነጭ ሰሌዳዋ ላይ «ሳሏስ?» ብላ ጻፈችለት።

«ለቀቃት። አሁን አታስልም።» የሚያየው መከለያውን ነበር።

«ልያት።»

«ነገ ከምሳ በኋላ በመስኮት እዪ፤» አላት።

አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ክፍሉ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የእሷም ዓይኖች አብጠዋል። ቢሆንም በማግስቱ ቢጫው ሹራብና ቢጫው ቆብ ታች ግቢው ውስጥ ከሩቅ ታዩዋት። ራሷ የሠራቻቸው ናቸው። ልቧ በደስታ ዘለለ። ልጅቷ የያዘችው ግን የአባቷን እጅ አልነበረም። አንዲት ቀጠን ያለች ሴት አብራቸው ቆማለች።

ባልየው ለልጅቷ ወደ ላይ ጠቆመላት። ልጅቷ ቀኝ እጇን አወዛወዘች።

ልጅቷ ግራኝ ናት። ሹራብ ሠሪዋ እጇን በግድ እንዳያስቀይሯት ብላ ከአስተማሪዋ ጋር ሳይቀር ተጣልታለች። ይቺ ሴትዮ በጥቂት ቀን ውስጥ ቀኝ አስለምዳታለች።

ባልየው ሲገባ ሰሌዳው ተጽፎ ጠበቀው። «ማናት?»

«ግቢያችን የገባች አዲስ ተከራይ ናት። ታግዘኛለች።»

«ምኑን?»

ነርሷ ሰዓት አልቋል ብላ አስወጣችው።

በሦስተኛው ቀን የሹራቡ እጅጌ አጥሮ ታያት። እሷ ልክ ተሳስታ አታውቅም። ምን እያበሉ ነው በአንድ ጊዜ እንዲህ ያሳደጓት? ልጅቷ መቆም ሰለቻትና ፊቷን ሴትዮዋ ቀሚስ ውስጥ ደበቀች፤ ሴትዮዋም አቅፋ አፍንጫዋን ጠረገችላት። ባልየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይሳሳቃሉ እንግዲህ፣ አለች በሆዷ። ቅናቱ አንገበገባት። እንባዋ ሲመጣ ቱቦዎቹን አስታውሳ ዋጠችው።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ እጇን አወዛውዛ ስትጨርስ ባልየው ብቻውን ወደ ክፍሉ ወጣ። ሹራብ ሠሪዋ ሰሌዳውን አነሳችለት።

«ነገ ቱቦው ሲወጣልኝ ልጄን ከእሷ እቀበላለሁ። አንተን ከፈለገች ትውሰድህ።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። አልተቆጣም፣ አላስተባበለምም።

«እሺ፤» አላት። «ብቻ ነገን እንለፍ።»

ከዚያ ወርዶ የሆስፒታሉ በር ላይ ከሚጠብቁት ሁለቱ ጋር ተገናኘ። ተንበርክኮ ቢጫውን ሹራብ ከልጅቷ ላይ ቀስ ብሎ አወለቀ፤ ቆቡንም ጨመረና አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«ለነገም ልጅሽን አውሺኝ፤» አላት ሴትዮዋን፤ «ቱቦው ከወጣላት በኋላ የልጃችንን መርዶ እኔው እነግራታለሁ።»