የሁለት ሰው ቤት

የመብራት ድርጅታችን ሃያ ዓመት ሙሉ ኃይል ቆጣቢ ምድጃ ሲያድል ኖረ። ሰዉ በአንድ በኩል የቆጠበውን በሌላ በኩል አባከነው። ስለዚህ ስልታችንን ቀየርን፦ ብቻውን የሚኖር ሰው ከሌላ ሰው ጋር ካልተዳበለ መብራቱ ይቆረጣል። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ ተጨብጭቦልኛል።

ዛሬ ለቁጥጥር ጎረቤቴ እትዬ በለጡ ቤት ገባሁ። በሩ ሥር የተወለወለ የወንድ ጫማ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አለ።

«ቀስ ብለህ አውራ፤ ደምሰው ተኝቷል» አሉኝ።

ባላቸውን ጋሽ ደምሰውን የቀበርነው ባለፈው ወር ነው። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

«እትዬ፣ አዲሱ ቆጣሪ እኮ የሰው ገላ ሙቀት ነው የሚቆጥረው» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ወደ ተዘጋው መኝታ ቤት ዞር ብለው አዩ።

«እሱ ድሮም ይበርደው ነበር፣ ልጄ።»