ድልድዩን ለመኪና ለማስከፈት በእናቱ ስም ያለቀሰው ሰውዬ

"እናቴ አልጋ ላይ ናት... እናንተ ድልድዩ ላይ ሀብሐብ ትበላላችሁ።"

ሰውዬው ይህን ሲል ድምፁ ተቆራረጠ።



ቦታው ቡዳፔስት፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ድልድያችን ለመኪና ይከፈት ወይስ ለእግረኛ ይቅር በሚለው ጉዳይ ላይ የነዋሪው ሐሳብ የሚደመጥበት ቀን ነበር።

ነገሩ የጀመረው የትራም ሐዲዱ ሊጠገን ድልድዩ ለመኪና የተዘጋ ጊዜ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰው በእግሩ ይሻገር ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት ብርድ ልብስ አንጥፎ መቀመጥ መጣ...

ከዚያማ ቼዝ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች፣ ልጅ የሚያጠቡ እናቶች፣ ወይን በሶዳ ቀላቅለው የሚጠጡ ጎረምሶች... ሁሉም ድልድዩ ላይ ወጥቶ ከዳኑብ ወንዝ በላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ሆነ ሥራው።

ጥገናው ሊያልቅ ሲል "መኪናው አይመለስብን" ብለን ፊርማ ማሰባሰብ ጀመርን።

ከሁላችንም በላይ የለፉት ግን እማማ ፒሮሽካ ናቸው።

ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የምንኖረው አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው።

በየቀኑ ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ይመጡና ድልድዩ መሃል ቁጭ ይላሉ። "ና እስቲ ልጄ፣ ፈርምልኝና ሂድ" እያሉ አላፊ አግዳሚውን ያስቆማሉ።

አንዱ ወጣት "እማማ፣ እኔ እኮ መኪና አለኝ" አላቸው።

"አይዞህ፣ ይለቅሃል" አሉት።

ልጁ ስቆ ፈረመ።

እንዲህ እያሉ ብቻቸውን ከሁለት ሺህ በላይ ፊርማ ሰበሰቡ።

ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ...

ሰውዬው ሃምሳን ያለፈ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የሚያበራ። ለእኛ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊት ለፊት ለተቀመጡት ሰብሳቢዎች ነው የሚናገረው።

እናቱ ከወንዙ በዚህ በኩል አራተኛ ፎቅ ላይ የአልጋ ቁራኛ ሆና እንደምትኖር ነገራቸው። በየቀኑ ሾርባ ያደርስላት እንደነበር... ድልድዩ ከተዘጋ ወዲህ ግን መንገዱ ስለሚዞርበት እንደተቸገረ... አንድ ቀን ሳይደርስላት እንዳትሞት ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስደው...

ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት እንባዋን ጠረገች።

አንድ ሰው ወደ እኛ ዞሮ "አታፍሩም?" አለን።

እውነቱን ልንገራችሁ... አፈርኩ። ለጓደኞቼ በሹክሹክታ "ተዉት፣ ይቅርብን፣ ፊርማውን መልሰን እንውሰድ" አልኳቸው።

ያኔ ነው ከጎኔ የነበሩት እማማ ፒሮሽካ የተነሱት።

ሰውዬው እስኪጨርስ ዝም ብለው ሲሰሙት ነበር። ሰብሳቢዋን አስፈቀዱና በቀስታ ተናገሩ።

"እናትህ አራተኛ ፎቅ ላይ አይደለችም። ሊፍቱ ከተበላሸ ጀምሮ ምድር ቤት ወርዳለች። ሦስት ዓመት ሆናት።"

ሰውዬው ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አልጋ ላይም አይደለሁም" አሉ። "ይኸው ቆሜአለሁ።"

አዎ... እናቱ እሳቸው ናቸው።

ልጅ እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ በር ስንገባ ስንወጣ፣ አንድም ቀን ሲመጣ አላየሁትም። ቤቱ ድልድዩን ተሻግሮ ነው። በእግር ሃያ ደቂቃ።

በኋላ እንደሰማነው ችግሩ ሌላ ነው። ወደ ሥራው በሌላ ድልድይ ዞሮ ስለሚሄድ አሥራ አምስት ደቂቃ ይረዝምበታል።

በቃ... ይኸው ነው። ለአሥራ አምስት ደቂቃ ሲል ጤነኛ እናቱን አልጋ ላይ አስተኛት።

እኔ ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር።

እሱ ግን ወደ ሰብሳቢዋ ተመለሰና በለሰለሰ ድምፅ "አዝናለሁ፤ እናቴ አእምሮዋ ደክሟል፣ የምትለውን አታውቅም" አለ።

ብዙ ውሸታም አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

እማማ ፒሮሽካ አልጮኹም። አላለቀሱም።

"ድልድዩ በመኪና ተጨናንቆ በነበረበት ጊዜም አልመጣህም" አሉት። "በድልድዩ አታሳብብ፣ ልጄ።"

ሰውዬው ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። በአጠገባቸው ሲያልፍ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

ያስጠላኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ያቺ እንባዋን የጠረገችው ሴት አሁን ስልኳን አውጥታ እማማን ትቀርጻለች። "አታፍሩም" ያለን ሰውዬ ያጨበጭባል። እኔም ራሴን ጠላሁት... ለማላውቀው ሰው እንባ ብዬ የእሳቸውን ልፋት ልጥልባቸው ነበርና።

ከሳምንት በኋላ ውሳኔው መጣ። ቅዳሜና እሑድ ድልድዩ የእግረኛ፣ ሌላው ቀን የመኪና።

እማማ ፒሮሽካ አዲስ የፊርማ ወረቀት አምጣልኝ አሉኝ... ለቀሩት አምስት ቀናት።

የስብሰባው ዕለት ግን ከአዳራሹ ስንመለስ እኔ እየተንጨረጨርኩ ነበር። የሰውዬውን ስምና የሥራ ቦታውን ዛሬውኑ ገጼ ላይ እለጥፋለሁ አልኳቸው።

እጅጌዬን ያዙኝ።

"ስሙን እንዳትጽፍ። ልጆች አሉት፤ ትምህርት ቤት ይስቁባቸዋል።"

የልጅ ልጆቻቸውን አንድ ቀን እንኳ አይተዋቸው አያውቁም።

ስለዚህ ስሙን አልጻፍኩም። የእሳቸውንም ቀይሬዋለሁ።

ትምህርቱ እንዲህ ነው... እናቱን የረሳ ሰው ያሳዝናል። ረስቷት ኖሮ፣ ስትጠቅመው ብቻ ስሟን የሚጠራ ግን ያስጠላል። ደግሞም አደባባይ ላይ ስለ እናቱ የሚያለቅስ ሁሉ ቤቷን ያውቀዋል ማለት አይደለም።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ስሙን ትጽፉት ነበር... ወይስ የእናትየውን ቃል ትጠብቁ ነበር?

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ።