በመስኮቱ በኩል

ልጅቷ ሻንጣውን ወለሉ ላይ ጥላ አልጋው ላይ በመስኮቱ በኩል ጋደም ስትል እናትየው ደነገጠች። "ተነሺ ከዚያ! ብርድ ይመታሻል!" አለቻት።

"ኧረ እማዬ፣ ገና ሳንገባ በሽታ ጠራሽ? እዚህ ሆቴል ላሳድርሽ ብዬ ስንት ለምኜሻለሁ!" ልጅቷ እየሳቀች ወደ ግድግዳው ተንከባለለች።

ሆቴሉ ድሮ የከተማው ሆስፒታል እንደነበር ልጅቷም ታውቃለች። አባቷ የሞተው በዚህ ክፍል፣ በዚህ መስኮት ሥር መሆኑን ግን አታውቅም፤ ያኔ በጀርባ የምትታዘል ሕፃን ነበረች። እናትየው የልጇን ግብዣ ላለማበላሸት አልነገረቻትም። ልጇ እዚያ ቦታ እንዳትተኛ ብቻ፣ ጫማዋን አውልቃ ራሷ ጋደም አለች። ባሏ ታሞ ሳለ ወንበሯን በአልጋውና በመስኮቱ መካከል አድርጋ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነበር የከረመችው። በመጨረሻ ሰሞን "እስቲ ፈቀቅ በይልኝ" ማለት አበዛ። ፊቴን ማየት አስጠላው ብላ፣ ያንን ቃል እስከ ዛሬ በሆዷ ይዛዋለች።

"ይኸው፣ ብርድሽን ልዝጋልሽ" ብላ ልጅቷ መጥታ መስኮቱ ፊት ቆመች። ከኋላዋ ጥድ የለበሰ ኮረብታና ሰፊ ሰማይ ይታይ ነበር።

"እስቲ ፈቀቅ በይልኝ" አለች እናትየው፤ "ኮረብታውን ጋረድሽኝ።"

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ልጅቷ ፈቀቅ ብላ ጠበቀች፤ እናቷ ግን ዓይኗን ከኮረብታው አልነቀለችም።

"ልዝጋው ወይስ?"

"ተዪው።"

"ብርዱስ?"

"ይግባ።"