የአራርሳ አውራ ጣት

ፉፋ እርጥቡን ጨርቅ ከመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ አነሳና ከውስጥ በኩል የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሩ ሞከረው። አልላጥ አለው። እንደ ገንፎ ሆኖ ጣቱ ላይ ተጣበቀ። ጨርቁን መልሶ አርጥቦ ትንሽ መታገሥ ነበረበት፤ ግን ባለቤቲቱ ሳይመለሱ መጨረስ ፈለገ። ቢላዋውን አውጥቶ ፋቀው።

እትዬ ኡርጌ ለእንግዳቸው ማር ሊጠይቁ ጎረቤት ሄደዋል። ሲወጡ፣ “ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ማየቱን እንደፈለግህ እይ፤ ብቻ እንዳትጎዳብኝ” ነበር ያሉት።

ፉፋ የመቱ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲው የመጻሕፍትንና የማተሚያ ቤትን ታሪክ እንዲያጠና የምርምር ድጎማ ሰጥቶት ዓመቱን ሙሉ ሲዞር ከርሟል፤ በእጁ የገባ ነገር ግን የለም። ከአዲስ አበባ ሲነሳ ኃላፊው፣ “ሌላ ሰው ያላየውን ካላመጣህ ድጎማው አይታደስም” ብለውታል። ወደዚህች ኡካ ወደምትባል መንደር የመጣው፣ ከጠላት ወረራ በፊት ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ፣ የእርሳስ ፊደላትን ለኅትመት የሚደረድሩ፣ የነበሩ አራርሳ የሚባሉ ሰው በገዛ እጃቸው የጠረዙት የጸሎት መጽሐፍ ሚስታቸው እትዬ ኡርጌ ዘንድ አለ ሲሉት ሰምቶ ነው። የዚያን ዘመን ጠራዦች የተበላሸ የኅትመት ወረቀት ደራርበው ሽፋን ይሠሩበት እንደነበር ያውቃል። የሚፈልገው ጸሎቱን ሳይሆን ሽፋኑ ውስጥ ያለውን ነበር።

አገኘውም። ከተፋቀው ሥር አንድ ሙሉ ገጽ ወጣ፤ ግራው አማርኛ፣ ቀኙ ኦሮምኛ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት የግዕዝ ፊደል የታተሙ። ለተማሪዎች ንባብ የተዘጋጀ ይመስላል። እንዲህ ያለ ነገር ስለመኖሩ የጻፈ ሰው አያውቅም።  የፋቀውን የራሰ ወረቀት ጠቅልሎ ምድጃው ውስጥ ጣለና ገጹን በጥንቃቄ አላቀቀው።

እትዬ ኡርጌ በስኒ ማር ይዘው ገቡ። ስኒውን አስቀመጡለት፤ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና መጽሐፉን አንስተው በኋላው በኩል ገለጡት። አውራ ጣታቸው ባዶው ሽፋን ላይ ወዲያ ወዲህ አለ።

“የአራርሳ ጣት የታለ?”

“ምን አሉኝ እትዬ?”

“ጣቱ ነዋ! እዚህ ጋ ነበር።” ሽፋኑን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። “መጽሐፉን ሲሰጠኝ እኔ ማንበብ የት አውቄ አልኩት። ቀለም የነካ አውራ ጣቱን እዚህ ጫን አደረገና፣ ‘ይቺን ግን ታነቢያለሽ’ አለኝ። ፎቶግራፍ ተነሥቶ አያውቅም። ከሱ የቀረኝ እሷ ብቻ ናት። ጠዋት ጠዋት ጣቴን አሳርፍባታለሁ።”

ፉፋ ሲፍቅ አንድ ጥቁር ነገር አይቶ ነበር። ሻጋታ መስሎት አለፈው። አሁን ወደ ምድጃው ማየት ፈራ።

“እርጥበት ነው እትዬ” አለ። “ወረቀቱ በስብሶ ኖሮ ገና ስነካው ፈረሰ።”

እትዬ ኡርጌ ቀና ብለው ጣራቸውን አዩ።

“ያፈሳል እኮ። ከግድግዳው አርቂው እያሉኝ እኔ...” መጽሐፉን ከደኑት። “ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ። “አንተም ይህን ሁሉ መንገድ መጥተህ የበሰበሰ መጽሐፍ ሰጠሁህ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።”

ማሩን ቀመሰ። ስኒውን መልሶ አስቀመጠ።

“የፈለግኸውንስ አገኘህ?”

ገጹን አሳያቸው። ጠጋ ብለው አዩት፤ አልነኩትም።

“የሱ እጅ ነው?”

“ፊደሉን የለቀሙት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።”

“እንግዲያው ውሰደው። እዚህ ቢቀር እርጥበቱ ይጨርሰዋል።”

ፉፋ ገጹን በጋዜጣ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ቡና ጭኖ ወደ መቱ የሚሄደው መኪና የሚያልፍበት መንገድ ድረስ ሊሸኙት ወጡ። ግማሽ መንገድ ላይ ዝናቡ መጣ። እትዬ ኡርጌ ከአጥር ሥር አንድ ሰፊ የኮባ ቅጠል ቆረጡና ከቦርሳው በላይ ዘረጉት። እሳቸው ራሳቸው ይበሰብሳሉ። ውሃው በአንገታቸው እየገባ ቅጠሉን ወደ ቦርሳው የበለጠ ያስጠጋሉ።

“ለርስዎ ያድርጉት እትዬ።”

“ተው፣ እኔ ሰው ነኝ፤ እደርቃለሁ። እሱ ነው የማይደርቀው።”

ፉፋ ቆመ።

“እርጥበት አይደለም” አለ። “እኔ ነኝ የፋቅሁት።”

ዝናቡ ቅጠሉን ይደበድባል። ያልሰሙት መሰለው። ሊደግመው ሲል፣ “በምን?” አሉት።

“በቢላዋ።”

“ከዚያስ?”

“ምድጃው ውስጥ ጣልኩት።”

 ከዚያ በዝግታ፣ “እኔ ደግሞ ይቅር በለኝ አልኩህ” አሉት።

ቅጠሉን ከቦርሳው ላይ አነሡ። በራሳቸው ላይ ደፉትና ዞረው ዳገቱን ጀመሩ። ፉፋ ገጹን ይዞ ሊከተላቸው፣ ይኸው ይውሰዱት ሊላቸው አሰበ።  ከታች የመኪናው ድምፅ እየቀረበ መጣ።

የቦርሳው ቆዳ በውሃ መጥቆር ሲጀምር አየ። ኮቱን አወለቀ፤ ቦርሳውን ጠቀለለና ደረቱ ላይ አቅፎ ጎበጠበት።