ሐሙሲት ሲደርስ የሚጠፋው ካርድ

እትዬ ራቢያ ኮምፒውተሩን በነጠላ ጠቅልለው እንደገና ከሱቁ ደጃፍ ብቅ ሲሉ ሙኒራ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

"ደግሞ ምን ሆነ፣ እትዬ?"

"ያው ነው ልጄ። አሚን ልጄ ሲከፍተው ካርዱ አይታየኝም ይላል። የሰው ሰርግ ቪዲዮ ላቀናብር ብሎ ተቀብሎ ጭንቅላቱን ይዟል።"

ሙኒራ ደብረ ታቦር ውስጥ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ሱቁን ከአባቷ ከጋሽ ሙሐዲን ጋር ይጋሩታል፤ እሷ በአንዱ ጥግ ትፈታለች፣ እሳቸው በሌላው ጥግ ልብስ ይሰፋሉ። እናቷ ካረፈች ቆይታለች። ባሕር ዳር የምትመኘውን ሥራ አግኝታ እስካሁን መልስ አልሰጠችም። ለራሳቸው ሻይ እንኳ የማያፈሉ አባቷን ለማን ትታ ትሂድ? ይሄ ሐሳብ እንቅልፍ ነስቷታል።

ክዳኑን ከፈተችው። ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ከማስገቢያው ላላ ብሎ ተቀምጧል። አውጥታ ጥርሶቹን በላጲስ ጠርጋ መልሳ ሰክታ ብሎኑን ስታጠብቀው ኮምፒውተሩ ወዲያው አወቀው። እዚህ ሁልጊዜ ይታያል፤ እትዬ ራቢያ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአሚን ጋር የሚኖሩባት ሐሙሲት ሲደርስ ይጠፋል።

መጀመሪያ ላይ የሚኒባሱን መንገጫገጭ ትረግም ነበር። አሁን ግን አላመነችም። እሷ ያጠበቀችውን ብሎን መንገድ አይፈታውም። ደግሞስ ለሐሙሲት ሰው የሚቀርበው ባሕር ዳር አይደለም እንዴ? ያን የሚያህል ከተማ ጠጋኝ አጥቶ ነው እትዬ ራቢያ ሽቅብ ወደ ደጋው የሚመላለሱት?

"ባሕር ዳር መሄድሽ ቁርጥ ሆነ እንዴ?" አሉ እትዬ ራቢያ፣ ጋሽ ሙሐዲን የቀዱላቸውን ሻይ ፉት እያሉ።

"ገና ነው።"

"ቤት ወጡን የምትሠሪው አንቺ ነሽ?"

በቃ! ነገሩ ገባት። ብሎኑን የሚፈታው አሚን ነው፤ እናቱ እሷን አይተው ለሚስትነት እንዲመርቁለት። አሚንን አንዴ አይታዋለች፤ ደስ ይላል። ግን አባቷስ?

ነገሩን ከሥሩ ውሃውን ከጥሩ ብላ፣ ካርዱ ውስጥ የተቀበረውን ፕሮግራም፣ ፈርምዌሩን፣ ልታድስ ተነሳች። ከዚህ በኋላ ማንም "ካርዱ አልታየኝም" የሚልበት ሰበብ አይኖረውም። መሐል ላይ መብራት ከወረደ ግን ካርዱ ድንጋይ ሆኖ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ጎረቤቷን ጌጡን፣ መብራቱን የሚያወርደውን ወፍጮ ጥቂት እንዲያቆምላት ለመነችው።

"ሕዝቡ ዛሬ ቪዲዮ ይብላ በይኛ!" ብሎ ስቆ አቆመላት።

እድሳቱ እየተንቀረፈፈ መቶ ፐርሰንት ሞላ። ካርዱ ታየ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለች ሙኒራ።

"ክዳኑን እኔ ልዝጋው፤ አንቺ እጅሽን ታጠቢ" አሉ አባቷ እንደ ልማዳቸው የብሎን መፍቻውን ከእጇ ተቀብለው። ከዚያም ኮምፒውተሩን ተሸክመው እትዬ ራቢያን እስከ መናኸሪያ ሸኙ።

በሳምንቱ ኮምፒውተሩ አልመጣም። አሚን መጣ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ቢባሉ "መጀመሪያ ጉዳያችን" ብለው ቆሙ። ዘወር ስትል አባቷ ጢማቸውን ሂና ተቀብተው፣ አዲስ ኮት ለብሰው ቆመዋል። ለካ እሳቸውም ሰምተዋል! ሊድሯት ተዘጋጅተው እያለ የእሷን አንጀት እንዴት አላዩትም? ዓይኗ እንባ አቀረረ። የሰው ሽማግሌ ከማመላለስ ከወዲሁ መቁረጥ ይሻላል ብላ ደፈረች።

"አባቶቼ፣ አክባሪያችሁ ነኝ። አሚንም የሚጠላ ልጅ አይደለም። ግን አባቴን ብቻቸውን ትቼ የማንም ሙሽራ አልሆንም።"

አሚን አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቅ ነው። ጋሽ ሙሐዲን የኮታቸውን ቁልፍ ይነካካሉ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ሐጂ ሐሰን፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ፣ ልጄ? አባትሽ ልከውን ሐሙሲት ሄደን፣ የራቢያን እሺታ ይዘንላቸው መመለሳችን ነው።"