የቬርና ሰሌዳ

«አንተ ጎረምሳ! እሱን ጣውላ ይዘህ ወዴት ነው?»

ኤልዊን ብርቱካናማ የሰልፍ ጠባቂ ሰደርያውን እያስተካከለ ወደ ተራራው መጎተቻ ሰልፍ ጅራት ገሰገሰ። አባላቱ ራሳቸው በሚያስተዳድሩት በዚህ የአሜሪካ፣ የቬርሞንት የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ የሚወጣው በየእግሩ ቀጭን መንሸራተቻ የሚያስረው ባለስኪ ብቻ ነው፤ ሁለት እግሩን አንድ ሰሌዳ ላይ አስሮ በጎኑ የሚንሸራተት ሰው ሌላ ተራራ ይፈልግ። «ስኪ ብቻ» የሚለውን ማስታወቂያ የጻፈው የአባላቱ ሊቀመንበር ኤልዊን ነው፤ ቀለሙ ሲለቅ የሚያድሰውም እሱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየስብሰባው እየተነሳ «እነዚህ ሰዎች በረዶውን ልጠው ይጨርሱታል፣ ደግሞ መንገድ መሀል ዘርፈጥ ይላሉ!» ሲል አንድም ቀን ደክሞት አያውቅም።

ጎረምሳው ጥቁር መነጽሩን ወደ ሄልሜቱ ገፋ አደረገ። ለካስ ጎረምሳ አይደለም። ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላት ቬርና ናት፣ የገዛ ሚስቱ።

«እንደምን አደርክ፣ ሊቀመንበር?» አለችው።

ኤልዊን ክው አለ። እንደ ሰሞኑ ሁሉ ታች፣ ሻይ ቤቱ መስኮት አጠገብ ሹራቧን ይዛ የተቀመጠች መስሎት ነበር። አምና ጉልበቷ ሲጎዳ ሐኪሙ «ስኪ ይብቃሽ፣ ይሄ ጉልበት ሌላ መጠምዘዝ አይችልም» ብሏታል። አርባ ዓመት ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን ጉዞ አብረው ነበር የሚወጡት፤ ከዚያ ወዲህ ኤልዊን ካገኘው ሰው ጋር ይወጣል፣ እሷ በመስኮት ታየዋለች። ሲመለስ «በረዶው እንዴት ነበር?» ትለዋለች። «ደህና ነው» ይላታል። ከዚያ ሁለቱም ሆድ እየባሳቸው ሾርባቸውን ይጠጣሉ።

«ከየት አመጣሽው?» አላት ሰሌዳውን እያየ።

«ማክሰኞ ማክሰኞ የመዘምራን ልምምድ አለብኝ ስልህ አልነበር?»

«አዎ።»

«አልነበረብኝም። ማዶ ተራራ ነበርኩ፤ እዚያ ሰሌዳም ስኪም እኩል ነው። ሁለቱ እግር አንድ ላይ ሲታሰር ጉልበት ለብቻው አይዞርም። ሐኪሙም ቀስ ብለሽ ሞክሪው ብሎኛል።»

«ክንድሽ በልዞ፣ ኩሬው ጋ አዳለጠኝ ያልሽኝስ?»

«ኧረ ኩሬው ምን አደረገ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱማ ስኪውን ተደግፎ እንባውን ይጠርጋል። ኤልዊን ፊቱ ቀላ።

«ቬርና፣ ሕግ ነው። በመጪው መኸር ስብሰባ ድምፅ ተሰጥቶበት ካልተቀየረ...»

«እኔ መኸርን አልጠብቅም» አለች ረጋ ብላ። «ዛሬ ካላሳለፍከኝ ከአሁን ወዲያ ቅዳሜዬ ማዶ ነው። ማኩረፌ እንዳይመስልህ። መስኮቱ ሰለቸኝ፣ ኤልዊን።»

ቬርና ካለች አለች ነው፤ ይህን ከኤልዊን በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ሰው ሁሉ ዓይኑን እሱ ላይ ተክሏል። ባለፈው ሳምንት ሰሌዳ ጭኖ ሦስት ሰዓት ነድቶ የመጣ ልጅ ከዚሁ ቦታ መልሷል። ዛሬ ሚስቱን ቢያሳልፍ በምን ዓይኑ ሰው ያያል?

«አልችልም፣ ቬርናዬ» አላት የሰደርያውን ጫፍ እየጎተተ።

አልተከራከረችውም። ወደ ሰልፉ ዞረችና እጇን አውጥታ ተጣራች፦

«ነጠላ!»

ሁሉም ዞር ብሎ አያት። መጎተቻው ሁለት ሁለት ሰው ከኋላ ደግፎ ሽቅብ የሚወስድ፣ በገመድ የሚሳብ ዘንግ ነው። አብሮት የሚወጣ የሌለው ሰው «ነጠላ!» ይላል፤ አንዱ ነጠላ ይቀላቀለዋል። የተኳረፈም ቢሆን እምቢ አይባልም። የትም አልተጻፈም፤ ግን ኤልዊን ሰልፍ ጠባቂ ሳይሆን በፊትም ልማዱ እንዲሁ ነበር።

«እኔ አለሁ!» አለ ሆይት።

ሆይት ማለት በየስብሰባው ኤልዊን ነጭ ካለ ጥቁር የሚል፣ በወጣትነቱ ደግሞ አንድ የበጋ ወቅት ሙሉ ቬርናን ለዳንስ ሲያስቸግር የከረመ ሰው ነው። ስኪውን እየጎተተ መጣና ክንዱን ዘረጋላት። «ነይ፣ በዚህ በኩል ቁሚ።»

«ሆይት፣ ቁም!»

«ነጠላ አለች እኮ!»

«ቁም አልኩህ!»

ኤልዊን ሰደርያውን አውልቆ ሆይት አንገት ላይ አጠለቀለት። «ሰልፉን አንተ ጠብቅ። በመኸር ከሊቀመንበርነቴ አውርዱኝ፤ እኔም እጄን አወጣላችኋለሁ። ያንን ልጅም ፈልጌ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። አሁን ግን ከሚስቴ ጋር ልወጣ ነው።»

«እሰይ! ይሄ ነው እንጂ!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ኤልዊን ስኪውን እግሩ ላይ ቆለፈ። ቬርና የግራ እግሯን ሰሌዳው ላይ አሰረች፣ ቀኙን ሳታስር አሳረፈችና በኤልዊን ግራ ጎን ቆመች። ዘንጉ መጣ፣ ወገባቸውን ነካ፣ መነጨቃቸው። ክርኗ ጎድኑን ወጋው፤ ሰሌዳዋ ስኪው ላይ ወጣ። «ወደቁ!» ሲል ጮኸ ሆይት ከታች። እሷ ጃኬቱን ጨምድዳ ያዘች፣ እሱ ወገቧን፤ ተንገዳገዱና ቀጥ አሉ።

የሰልፉ ጫጫታ ከኋላቸው እየራቀ ሄደ። አርባ ዓመት በዚህ ገመድ ጎን ለጎን ሲወጡ ሁለቱም የተራራውን ጫፍ ነበር የሚያዩት፤ ኤልዊን ዘወር ቢል የሚያገኘው የኮፍያዋን ጎን ነው። ባለሰሌዳ ግን በጎኑ ነው የሚቆመው። ቬርና ወደ እሱ ዞራ፣ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቶ፣ እየሳቀች፣ ፊት ለፊቱ ናት።

«ወደ ፊትህ እይ እንጂ! ልትጥለን ነው!»

«እሺ» አለ ኤልዊን፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል።